«ሐፄ» ወይስ «ዐፄ»? የአንድ ማዕረግ አጻጻፍና የላስታ ነገሥታት ውርስ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ያለው፣ ከቴዎድሮስ፣ ከዮሐንስና ከምኒልክ ስም በፊት ዘወትር የምናስቀምጠው የማዕረግ ቃል ነው። ቃሉን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ በአጻጻፉ ላይ ግን ስምምነት የለም። የመጀመሪያውን ፊደል አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በአልፋው አ፣ ሦስተኛው በዐይኑ ዐ፣ አራተኛው ያንኑ ዐይን ራብዕ አድርጎ በዓ ይጽፈዋል። ሁለተኛውም ፊደል በፀሐዩ ፄ፣ በጸሎቱ ጼ ወይም በጤ ይመጣል። አራቱን መነሻ በሦስቱ መድረሻ ብናባዛ 12 አጻጻፍ እናገኛለን። አብዛኞቹን በተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ አይቻቸዋለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱን ሦስቱን በአንድ ገጽ ላይ።

ጉዳዩ የፊደል ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው መምህራን እተወው ነበር። የታሪክ ተማሪዎችን የሚመለከተው ግን ሌላ ነገር ስላለበት ነው። የዚህ ማዕረግ ጥንታዊ አጻጻፍ የላስታን ነገሥታት ከእነርሱ በፊትም ከእነርሱም በኋላ ከነገሡት ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ ነው። ፊደሉ ሲለወጥ ማስረጃው ከዐይን ይሰወራል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ይኸው ነው።

ከቃሉ ሥር ልነሣ። በግእዝ ሐፀነ የሚባል ግስ አለ፤ አቀፈ፣ ተንከባከበ፣ አሳደገ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር ሕፅን የሚለው ስም ይወጣል፤ ዕቅፍ፣ ጭን ማለት ነው። ሕፃን የሚለው ዛሬም በየቤታችን የምንጠራው ቃል ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው፤ የሚታቀፈው፣ በዕቅፍ የሚያድገው ማለት ነው። አሳዳጊው ደግሞ ሐፃኒ ይባላል፤ በአማርኛ ሞግዚት የምንለው ነው። ሐፄ የሚለው ማዕረግ ሐፃኒ ከሚለው ቃል አጥሮ የመጣ መሆኑን ብዙ የግእዝና የኢትዮጵያ ታሪክ ሊቃውንት ይቀበላሉ። ማዕረግ በአፍ ሲመላለስ ማጠሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ደጃዝማች ደጃች፣ እመቤቴም እሜቴ ሆኗል። እንግዲህ ሕፃኑና ንጉሠ ነገሥቱ የአንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው፤ አንዱ የሚታቀፍ፣ ሌላው የሚያቅፍ።

የሥሩ ፊደላት ሐ፣ ፀ እና ነ መሆናቸውን በምን እናረጋግጣለን? በአማርኛ ሐን ከሀ፣ ፀን ከጸ በጆሮ መለየት አንችልም። ስለዚህ ድምፆቹን ለይቶ ያቆየውን የዘመድ ቋንቋ መጠየቅ ይገባል። ዐረብኛ ይህን ሥር ጠብቆታል፤ ሒድን ዕቅፍ፣ ሐዳና ሕፃንን ማሳደግ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ከጉሮሮ የሚወጣው ሐ ነው፤ ሁለተኛው ዳድ የተባለው ፊደል ነው። ዳድ ደግሞ በግእዝ የፀሐዩ ፀ ባልንጀራ ነው። ፀሐይ የሚለውን ቃል ራሱን ብንወስድ በዐረብኛ ዱሓ ከሚለው፣ ረፋድን ከሚያመለክተው ቃል ጋር ይዛመዳል፤ እርሱም በዳድ ይጻፋል። የጸሎቱ ጸ ግን ሷድ ከተባለው ሌላ ፊደል ጋር ይገጥማል፤ ጾም ሰውም፣ ጸሎት ሰላት እንደሚባሉት። ስለዚህ ጾምን በፀሐዩ ፀ፣ ፀሐይንም በጸሎቱ ጸ የሚጽፍ ሰው የሁለት ቃላትን የዘር ሐረግ ያቀያይራል። ሐፄም በሐመሩ ሐና በፀሐዩ ፄ ሲጻፍ ነው ከዘመዶቹ ከሕፃንና ከሕፅን ጋር የሚቆመው።

ቃሉ ይህን ያህል ግልጽ ሥር ካለው እንዴት ወደ 12 አጻጻፍ ተበተነ? መልሱ በአማርኛ የድምፅ ታሪክ ውስጥ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን እያላላ መጥቷል፤ በብዙ ቃላትም ሐ ወደ አ ተለውጧል። የግእዙ ሐዲስ በአማርኛ አዲስ ሆነ። ሐዘነ አዘነ ሆነ። ኀምስ የሚለው ቁጥርም አምስት ሆነ። ሐፄ አፄ መባሉ በዚሁ መንገድ ነው። በሌላ በኩል ጸና ፀ በብዙ ቃላት ወደ ጠ ሄደዋል፤ ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር፣ ጸበል ጠበል ይባላሉ። ጳውሎስ ኞኞ መጽሐፉን «አጤ ምኒልክ» ብሎ ሲሰይም የተጠቀመበት አጻጻፍ ይህን ሁለተኛ ለውጥ ይዟል። ሁለቱም ለውጦች በአንድ ቃል ላይ ሲደርሱ ማየት የፈለገ ሰው የግቢውን አጥር ይመልከት፤ በግእዝ ሐጹር ነው። ሐጹር አጥር እንደሆነ ሐፄም አጤ ሆኗል።

እንግዲህ አፄም ሆነ አጤ ብሎ የሚጽፍ ሰው ጆሮው የነገረውን ጽፏል። ምክንያቱ የሚታወቅ፣ ሕግ ያለው ለውጥ ነው። ልዩ ማብራሪያ የሚፈልገው በዐይኑ ዐ የሚጻፈው ዐፄ ነው። በድምፅ ለውጥ ሐ ወደ ዐ የሚሄድበት ሕግ በአማርኛ የለም፤ አዲስ አበባን በዐይኑ ዐ የሚጽፍ ሰው አላየሁም። ታዲያ ዐይኑ ከየት መጣ? እኔ የሚመስለኝ ከዕውቀት ነው፤ ከድንቁርና አይደለም። የተማረው ጸሐፊ ማዕረጉ ጥንታዊ እንደሆነ፣ ተራው አልፋው አ እንደማይበቃውና ጥንታዊ ፊደል እንደሚገባው ያውቃል። ሐ ከአፍ ስለጠፋ ግን ወደ ቅርቡ ጥንታዊ ፊደል፣ ወደ ዐይኑ ይሄዳል። ዐፅም የሚለው ቃል በዚህ ቅርጽ መኖሩም መንገዱን ሳያቀናለት አልቀረም።

ይህ ዓይነቱ የዐዋቂ ስሕተት በሌሎች ቋንቋዎችም አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሳክሪሌጅየስ የሚለውን ቃል ዘወትር ያዛባሉ። ቅዱስ ነገርን የሚያረክስ ማለት በመሆኑ ሃይማኖተኛ ከሚለው ሪሊጅየስ ከተባለ ቃል የመጣ ይመስላቸውና የመካከሉን ፊደላት በዚያ መልክ ያስተካክላሉ። የቃሉ ሥር ግን በላቲን ሳክሪሌጊዩም ነው፤ ንዋየ ቅድሳትን መሰብሰብ፣ ማለትም ቤተ መቅደስን መዝረፍ ማለት ነው። የተሳሳተው አጻጻፍ ሰዎቹ ቃሉ ከየት መጣ ብለው እንደሚያስቡ ይነግረናል፤ ትክክለኛው አጻጻፍ ደግሞ ቃሉ በእርግጥ ከየት እንደመጣ። የእኛም ዐፄ እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው ታሪክ አጥኚ ሁለቱንም ማንበብ የሚገባው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። በ1906 እ.ኤ.አ. ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን ከመዘገባቸው የድንጋይ ጽሑፎች መካከል ዳንኤል የተባለ ገዥ ያስቀረጻቸው ይገኙበታል። የቡድኑ መሪ ኤኖ ሊትማን በ1913 እ.ኤ.አ. አሳተማቸው። ዳንኤል ማዕረጉን ሐፃኒ ይላል። ድንጋዮቹ ስለተጎዱ የአንዳንዱ ክፍል አነባበብ ያከራክራል፤ ነገር ግን እንደ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ንባብ ይህ ሐፃኒ ዘመቻዎቹን ይተርካል፣ የአክሱምን ንጉሥም እንዳስገበረ ይናገራል። ይህ ትክክል ከሆነ ሐፃኒ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ከሞግዚትነት ተነሥቶ ንጉሥን የሚያስገብር የሥልጣን ስም ሆኗል ማለት ነው።

ቀጥሎ ይህን ማዕረግ የምናገኘው በምን ላይ ነው? በላስታ ነገሥታት የርስትና የጉልት ሰነዶች ላይ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ጣንጠውድም በትግራይ ሰሜን ለሚገኝ ቤተ ክርስቲያን በሰጠው የመሬት ስጦታ ሐፃኒ ተብሏል። ራሱ ላሊበላም በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ውስጥ ተጽፈው በተገኙት ስጦታዎች ይህን ማዕረግ ከመንግሥት ስሙ ከገብረ መስቀል ጋር ይዟል። የላሊበላ የመሬት ስጦታዎች በ1204 እና በ1225 እ.ኤ.አ. የተጻፉ ናቸው፤ የዘመነ መንግሥቱን ጊዜ አጥብቀን የምንይዘውም በእነርሱ ነው። ሰነዶቹን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 እ.ኤ.አ. ለኅትመት አብቅቷቸዋል።

እዚህ ላይ በላስታ ምድር ላደገ ሰው ትንሽ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። እኛ ላሊበላን ሐፄ ብለን አንጠራውም፤ ቅዱስ ላሊበላ እንላለን። ይምርሐነ ክርስቶስም፣ ነአኩቶ ለአብም በእኛ ዘንድ ቅዱሳን ናቸው። ሐፄ ላሊበላ የሚል ሰው ቢመጣ ጆሯችን አይቀበለውም። ማዕረጉን በልማድ የሰጠነው ከይኩኖ አምላክ ወዲህ ለነገሡት፣ ሰሎሞናዊ ለተባሉት ነው። ይህ ልማድ ሳናስበው አንድ የታሪክ ፍርድ ይዟል፤ የላስታ ነገሥታት ቅዱሳን ናቸው፣ የመንግሥቱ መስመር ግን የሌሎች ነው የሚል ፍርድ። ቅድስናው ክብር ቢሆንም ንጉሥነታቸውን በጎን በኩል ያስቀረዋል። ሰነዱ ግን ሌላ ይላል። ላሊበላ በዘመኑ የተጠራበት ማዕረግ በኋላ ምኒልክ የተጠራበት ማዕረግ ነው።

ይህን ከ1270 እ.ኤ.አ. ጋር አያይዙት። በዚያ ዓመት ይኩኖ አምላክ ሥልጣን ያዘ። ከዚያ በኋላ የተደራጀው ትረካ መንግሥት ወደ ሕጋዊ ባለቤቱ ተመለሰ፣ ዛጉዌ የተባሉት ነገሥታት በመካከል የገቡ ናቸው የሚል ነው። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ማሪ ሎር ዴራ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ትረካ መርምራ፣ ነጣቂ የሚለው ምስል ከሥርወ መንግሥቱ ውድቀት በኋላ የተሠራ መሆኑን አሳይታለች፤ እነዚያ ነገሥታት በራሳቸው ሰነዶች ዛጉዌ ብለው ራሳቸውን እንደማይጠሩም አመልክታለች። የእኔ ጭማሪ ትንሽ ናት። አዲሶቹ ነገሥታት የቀደሙትን ነጣቂ ቢሉም የቀደሙትን የመጠሪያ ማዕረግ አልጣሉም፤ ወርሰውታል። የነጣቂን ልብስ ማን ይለብሳል? መፈንቅለ መንግሥት በተባለው ዘመን ላይ ተሻግሮ የቀጠለ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ነበረ ማለት ነው፤ የቤተ መንግሥት ቋንቋ የሚቀጥለው ደግሞ የሚናገሩት ሰዎች፣ ጸሐፊዎቹና ሥርዐቱ ሲቀጥሉ ነው።

የውጭ ምስክርም አለን። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ዐረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ፣ በ15ኛውም አል መቅሪዚ፣ የኢትዮጵያን ንጉሥ አል ሐጢ እያሉ ይጠሩታል። በዐረብኛው አጻጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ሐ ነው፤ ዐይን አይደለም፣ አሊፍም አይደለም። ዐይንን ጠንቅቆ የሚለይ ቋንቋ ዐይንን በዚህ ቃል አልጻፈም። ሁለተኛው ፊደል ደግሞ የእኛ ጠ ባልንጀራ ነው። ለእኔ ይህ የሚያመለክተው ማዕረጉ ወደ ግብጽ በተሰማበት ጊዜ ሐው ገና እንደነበረ፣ ፄው ግን ወደ ጤ ማዘንበል እንደጀመረ ነው። አንዲት የፊደል ምርጫ በካይሮ ጸሐፊ እጅ ተቀምጣ በላስታና በሸዋ መካከል ያለውን የድምፅ ጉዞ ትመሰክራለች።

አሁን የሚነሣውን ተቃውሞ በቅንነት ላቅርበው። ከእናንተ አንዱ ተነሥቶ «ይህ ሁሉ ለሊቃውንት ነው፤ ሕዝቡ የሚናገረው አንድ ሀ፣ አንድ ሰ፣ አንድ አ፣ አንድ ጸ ነው፤ ልጆቻችንን ለምን በማይሰማ ልዩነት እናስጨንቃለን?» ሊል ይችላል። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ትልልቅ ሰዎች ጠይቀውታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ቀንሰው ጽፈውታል፤ በመግቢያውም ምክንያታቸውን ገልጸዋል። መጽሐፉን አንብቦ በፊደል መቀነስ ምክንያት ያልገባው ሰው የለም። በዘመናዊ አማርኛ ታላቅ ሥራ በጥቂት ፊደል ሊጻፍ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

ስለዚህ አፄ ብሎ የሚጽፈውን ጋዜጠኛ አልወቅስም፤ ዐፄ ብሎ የሚጽፈውንም ምሁር እንዲሁ። እኔ የምለየው ሁለት ሥራዎችን ነው። አንዱ የራስን ቋንቋ መጻፍ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው አንድ መርጦ በእርሱ መጽናት ነው። ሌላው የሌላውን ሰነድ መገልበጥ ነው፤ እዚያ ምርጫ የለንም። የወርቅ ወንጌሉ ጸሐፊ በሐመሩ ሐ ከጻፈ በሐመሩ ሐ እንገለብጣለን፤ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጸሐፊ በአልፋው አ ከጻፈ በአልፋው አ እንገለብጣለን። እርሱ ያቀያየረውን ፊደል ማስተካከል የእኛ ሥራ አይደለም፤ ምክንያቱም ማቀያየሩ ራሱ ስለ ዘመኑ፣ ስለ አነጋገሩና ስለ ትምህርቱ ይነግረናል። የጥንት ጽሑፎች እነዚህን ፊደላት ይበልጥ ለይተው ይይዛሉ፤ ዘመን በቀረበ ቁጥር መቀላቀሉ ይበዛል። የብራናን ዕድሜ ለመገመት ከሚያግዙ ምልክቶች አንዱም ይህ ነው።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት አለ። በላስታ አድባራትና ገዳማት ያሉ ብራናዎች በፎቶግራፍ እየተነሡ፣ በወጣቶች እጅ ወደ ኮምፒውተር እየተገለበጡ ነው። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ገልባጩ በየመሥመሩ ያየውን ሐፃኒ «እንዲነበብ» ብሎ አጻኒ ቢያደርገው፣ ነገ ያንን ጽሑፍ የሚፈልግ ተመራማሪ በፊደል ሲፈልግ አያገኘውም። ፍለጋው በዐይኑ ዐ ከሆነ በሐመሩ የተጻፈው አይወጣም፤ ማሽኑ እንደ እኛ ጆሮ ሁለቱን አንድ አድርጎ አይሰማም። ላሊበላና አካባቢዋ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ እንዳለፉም ሁላችንም እናውቃለን። ብራና ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባበታል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ግልባጩ ብቻውን ምስክር ሆኖ ይቀራል። በግልባጩ ላይ ያስተካከልነው ፊደል ያን ጊዜ ከየትም አይመለስም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በራሳችሁ ጽሑፍ አንዱን አጻጻፍ ምረጡ፤ ለምን እንደመረጣችሁት በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ አትለውጡት። እኔ ሐፄን እመርጣለሁ፤ እናንተ አፄን ብትመርጡ ውጤት አልቀንስባችሁም። ሁለተኛ፣ ከሰነድ ስትጠቅሱ ፊደሉን እንዳለ ጥቀሱ፤ ቢከብዳችሁም፣ ስሕተት ቢመስላችሁም። አስተያየት ካላችሁ ከጽሑፉ ውጭ ጻፉት። ሦስተኛ፣ የብራና ዝርዝር ወይም ማውጫ ስታዘጋጁ የአንድን ማዕረግ ልዩ ልዩ አጻጻፎች ሁሉ በአንድ ስም ሥር መዝግቡ፤ ሐፃኒን የፈለገ ሐፄን፣ ሐፄን የፈለገም አጤን እንዲያገኝ።

በመጨረሻ ወደ ቃሉ ትርጉም ልመለስ። ነገሥታቶቻችን ብዙ ማዕረግ ነበራቸው። ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት፣ ሥዩመ እግዚአብሔር፤ እነዚህ ሁሉ ከፍታን ይናገራሉ። ሐፃኒ ግን ግዴታን ይናገራል፤ ያልጠነከረውን አቅፎ ማሳደግ። ነገሥታቱ በዚህ ስም ልክ ተገኝተዋል ወይ የሚለው በየዘመኑ ሥራቸው የሚመዘን ነው፤ በፊደል አይፈታም። ግን ለመመዘን ሚዛኑ መኖር አለበት፤ ከሕፃን ጋር ያለውን ዝምድና ደብቀን ስንጽፈው ሕዝቡ ገዥውን ሊጠይቅበት ይችል የነበረውን አንድ ጥያቄም አብረን እንደብቃለን። ጥያቄው ይህ ነው፤ ሐፃኒ ከተባልህ ማንን አሳደግህ?